ሙሽራ ያሉት መፍቻ

ሰኞ፣ ጥር 7

ገበያ ዋልኩ። ሦስት ሱሪና አንድ የልጅ ሹራብ ሄደልኝ። ንፋስ ነበር። ከልብሱ ላይ አቧራ ሳራግፍ ዋልኩ፤ አራግፌ ስጨርስ መልሶ ያለብሰዋል።

ይህ የቦርቶ የሥራ ደብተር ነው። ግማሹን እሱ ጽፎበታል። ቁጥር፣ የቱቦ ሥዕል፣ የባለቤቶቹ ስም። ግማሹ ባዶ ነው። ባዶውን ሳየው አስጨነቀኝ... ልጻፍበት ብዬ ጀመርኩ። ከድንበሩ ማዶ፣ ኢትዮጵያ በኩል፣ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ጽሕፈቴ ጥሩ ነው ይሉኝ ነበር። አሁን አንድ መስመር ጽፌ እስክጨርስ ሻዬ ይቀዘቅዛል።

ልጄ ቦርቶ ከሞተ አርባ ስምንት ቀን ሆነው።

ረቡዕ፣ ጥር 9

መቀመጥ አልቻልኩም። እነሳለሁ፣ በሩ ጋ እደርሳለሁ፣ እመለሳለሁ። ለምን እንደተነሳሁ አላውቅም።

የሥራ ቦርሳውን አወጣሁት። ከቀብሩ በኋላ ያታኒ አምጥቶ በሩ ላይ ካስቀመጠው ጀምሮ አልነካሁትም ነበር። ያታኒ የሥራ ጓደኛው ነው። አራት ዓመት አብረው ቧንቧ ሠሩ። የአንዱን ስም የሚጠራ ሰው የሌላውንም አብሮ ይጠራ ነበር።

ዕቃውን ሰሌን ላይ ደረደርኩት። የብረት መጋዝ። ሞረድ። መዶሻ። ሜትር። በቱቦው ጥርስ ላይ የሚጠመጠመው ነጭ ላስቲክ። ቁጥር የተቀረጸባቸው ስድስት ስፓናዎች። በዘይት ወለወልኳቸው።

እኔ የገዛሁለት መፍቻ የለም። እጀታው ቀይ፣ አፉ በትንሽ መሽከርከሪያ የሚሰፋና የሚጠብ። ሰኔ ላይ ነው የገዛሁለት፣ ከጃቢር። ጃቢር ከኔ ፊት ለፊት የብረት ዕቃ የሚዘረጋው ነጋዴ ነው፤ ጠዋት ከማዶ ተሻግሮ ይመጣል፣ ሲመሽ ይመለሳል።

ቦርሳውን ገለበጥኩት። ኪሶቹን ፈተሽኩ። የለም።

የት ሄደ?

ሐሙስ፣ ጥር 10

ሽማግሌው ፉንዲ ጂሎ ጃቢር ጋ ቧንቧ ሊገዛ መጣ፤ እዚህ የእጅ ባለሙያን ፉንዲ ነው የምንለው። አንዱን አንስቶ አንገቱን በአውራ ጣቱ ተጫነው።

«ጃቢር፣ ይሄ ቧንቧ ነው ብስኩት?»

«ፕላስቲክ ነው አባባ። ቀስ ብለህ አጥብቀው።»

«ቀስ ብዬ ሳጠብቀው ያፈሳል። ጠንከር ሳደርገው አንገቱ ይቀነጠሳል። መሃሉን የሚያውቅ ሰው ካለ ጥራልኝ።»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳላስበው ሳቅኩ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው መሰለኝ። ጂሎ ቱቦ የሚታጠፍበትን ኤልቦ አነሳ። ውስጡን በአንድ ዓይኑ አየና፣ «ጥርሱ ጠማማ ነው። በዚህ የሠራሁለት ሰው ውኃው ጎረቤቱ ቤት ነው የሚወርድለት» አለ። ደግሞ ሳቁ።

ከዚያ ከዕቃው መሃል ለቦርቶ እንደገዛሁት ያለ ቀይ መፍቻ አየ። ሳያነሳው በእግሩ ጫፍ ገፋ አደረገው።

«ይሄንን ሙሽራማ ወዲያ አድርግልኝ።»

«ለምን ሙሽራ አልከው?» አልኩት ከተቀመጥኩበት። ማን እንደጠየቀው ዞሮ አላየም።

«ለብሶ ያምራላ። ሥራ የለውም። የብሎኑን ነት ጥርቅም አድርጎ የያዘ ይመስልሃል፣ ስትስበው አፉን ከፍቶ ይሸሻል። መሬት ላይ ከሆንክ የእጅህን ቆዳ ይወስዳል። ከፍታ ላይ ከሆንክ ግን...»

ያኔ ዞረና አየኝ። ቧንቧውን መልሶ አስቀመጠና ምንም ሳይገዛ ሄደ።

ዓርብ፣ ጥር 11

ጥምቀት ነው። ነጭ የለበሱ ሰዎች ወደ ማዶ ሲሻገሩ አየሁ። አልሄድኩም።

ቦርቶ ሀዋኦ የምትባል ደንበኛው ግቢ ሲሠራ፣ ከውኃ ታንክ መቆሚያ ላይ ነው የወደቀው። «እግሩ ከዳው» ነው ያሉኝ። እኔም እግሩ ከዳው እያልኩ ለሰው ስነግር ኖርኩ። እግሩ ነው? ወይስ...

ከሥራ በመጣ ቁጥር እጠይቀው ነበር። «መፍቻው እንዴት ነው?» «ደህና ነው ማማ።» አንድ ቀን የጣቱ መጋጠሚያዎች ተልጠው መጣ። «ምን ሆንክ?» «ግድግዳ።» አመድ ፈልጌ ሳጣ ጨው አደረግኩለት። ሳቀብኝ።

ግድግዳ አልነበረም።

ሰኞ፣ ጥር 14

ያታኒን ፈልጌ ሄድኩ። ከኅዳር ወዲህ ቱቦ አልነካም፤ የሰው ሞተር ሳይክል ይዞ ቦዳ ቦዳ ይሠራል፣ ሰው ያመላልሳል። ከፖሊስ ኬላው ዝቅ ብሎ ባለው ዛፍ ሥር አገኘሁት።

«ቀዩ መፍቻ የት ነው?»

«የቱ ማማ?»

«እኔ የገዛሁት።»

«አላየሁም። ሰው በዝቶ ነበር... ማን እንዳነሳው እንጃ።»

ይህን ሲል የሞተሩን መስታወት በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል። መስታወቱ ንጹሕ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥር 17

ሀዋኦ ቤቴ መጣች። ስትገባ፣ «ማማ ቦ...» ብላ ቆመች። ሰው ሁሉ እዚያው ላይ ይቆማል። በልጄ ስም ልትጠራኝ ፈርታ፣ በራሴ ስም ልትጠራኝ አታውቀው።

«ማማ ቦርቶ ነኝ፤ ጨርሺው» አልኳት።

ታንኩ እስካሁን ባዶውን ቆሟል። የታችኛው መጋጠሚያ ልጄ እንደተወው ክፍት ነው፤ የተሞላበት ሁሉ ይፈስሳል። አልጋ ላይ ያለች አሮጊት እናት አለቻት። በአህያ የሚመጣ የጄሪካን ውኃ ትጠብቃለች፤ ድርቁ ከበረታ ወዲህ አህያውም በቀን አንዴ ነው። አምስት ፉንዲ ጠራች። አምስቱም አይሆንም አሏት። ሰው ወድቆ የሞተበትን ሥራ አብሮት የነበረው ሰው ነው የሚጨርሰው፤ እሱ ሳይጨርሰው ሌላ ፉንዲ እጁን አያስገባም። እዚህ ከተማ ሲሠራበት የኖረ ነው።

«ያታኒን ለምኚልኝ። ካንቺ በቀር የሚሰማው የለም።»

እኔ ግን ሌላ ጠየቅኳት። «ያን ቀን መፍቻው እናንተ ግቢ ቀረ?»

አሰበች። «ሰው ቦርቶን ይዞ ሲወጣ ያታኒ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ዕቃ ሲለቅም። ከሽንት ቤቱ በኩል ሲመጣ አይቼዋለሁ። ያመው መስሎኝ ዝም አልኩ።»

እሷ ከሄደች በኋላ ግቢውን ስንት ጊዜ እንደዞርኩት አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ጥር 19

ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ቦርቶ በመጨረሻ የጻፈበት ገጽ የሀዋኦ ታንክ ሥዕል ነው። በስዋሂሊ ነው የጻፈው፤ ቀስ ብዬ አነበብኩት። «ታንኩና ነቱ ከማዶ። ቱቦው ከናይሮቢ። ስፓና አይገባም። ሁለት መፍቻ።»

ከተማችን እንዲህ ናት። ታንኩን ማዶ ይገዙታል፣ ቱቦውን የናይሮቢ ጭነት መኪና ያመጣዋል። አንዱ በሚሊሜትር፣ አንዱ በኢንች ተለክቶ የተሠራ ነው። «ሁለት አገር ነው የማጋጥመው» ይል ነበር ልጄ። ቁጥር ያለው ስፓና ወይ ይሰፋል ወይ ይጠባል። ስለዚህ ፉንዲ ሁሉ እየሰደበ አፉ የሚሰፋውንና የሚጠበውን መፍቻ ይይዛል። አንዱ ከታች ቱቦው እንዳይዞር ይይዛል፣ አንዱ ከላይ ነቱን ያጠብቃል። ሁለት መፍቻ።

አንደኛው የያታኒ አሮጌ ነው፣ ጥሩ ነው ይባላል። ሁለተኛው?

እኔ ነኝ የገዛሁት።

ሰኞ፣ ጥር 21

ጃቢርን ጠየቅኩት። ባልጠይቀው ይሻል ነበር... አይ፣ መጠየቅ ነበረብኝ።

«ይሄ መፍቻ እንደሚሸሽ ታውቅ ነበር?»

«እትዬ አበበች፣ ፉንዲዎቹ እየሰደቡትም ይገዙታል። ደህናው እዚህ አይደርስም። ምን ላድርግ?»

«ለኔ ስትሸጥልኝ ታውቅ ነበር?»

ሚዛኑን ከዚህ ወዲያ አደረገ፣ መልሶ ወዲህ አደረገ። ከዚያ ነገረኝ። ቦርቶ በሦስተኛው ቀን መፍቻውን በጋዜጣ ጠቅልሎ መጥቶ ነበር። ሊቀይረው። ጃቢርም ጨምርና ሌላ ልስጥህ ብሎት ነበር።

«እና ለምን አልቀየረውም?»

«ዞር ብሎ አንቺን አየ። ልብስ ታጣጥፊ ነበር። ‹እናቴ እዚያ ተቀምጣለች። ስመልሰው ታየኛለች› አለኝ። እየሳቀ ይዞት ሄደ።»

ማክሰኞ፣ ጥር 22

ገበያ አልወጣሁም።

ዓርብ፣ ጥር 25

ቀና ብዬ ባየው ኖሮ... ያን ቀን ምን ነበር የማጣጥፈው? የማን ሸሚዝ ነበር?

እሑድ፣ ጥር 27

ያታኒ ራሱ መጣ። ሞተሩን ከውጭ አቁሞ በሩ ላይ ቆመ። ግባ ብለው አልገባም። ሀዋኦ የነገረችኝን ነግራዋለች።

«ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ነው የጣልኩት» አለ።

«ለምን?»

«እንዳታይው።»

ቀጠለ። እኔ አልጠየቅኩትም። ወለሉን እያየ ነው የተናገረው። ቦርቶ ከላይ ነበር፣ ቀዩን ይዞ። እሱ ከታች፣ አሮጌውን ይዞ ቱቦውን ያዝ አድርጎ ነበር። ቀዩ ሁለት ጊዜ ሸሸ። ቦርቶ ወደ ታች ጮኸ፣ «ያታኒ፣ ያንተን ወዲህ በለው፣ እንቀያየር።»

«እኔ ምን አልኩት መሰለሽ ማማ? ‹ሙሽራህን ለማን ጥለህ ነው?› አልኩት። ቀልድ ነው። ሁልጊዜ የምንቀልደው ነው። መነሳት ሰልችቶኝ ነበር... ከተነሳሁ ቱቦው ይዞራል፣ እንደገና ልንጀምር ነው። አልሰጠሁትም። እሱም ለሦስተኛ ጊዜ ሳበው።»

ሰሌኑን ጠቀለልኩት፤ መልሼ ዘረጋሁት።

«መፍቻው አይደለም፤ እኔ ነኝ» አለ።

«ውጣ» አልኩት።

ሞተሩ በመጀመሪያው አልነሳ አለው። በሁለተኛውም። ቆሜ ሰማሁት። በአራተኛው ተነሳ።

ሰኞ፣ ጥር 28

ጠላሁት። ይህን እጽፋለሁ፣ ማንም አያነበውም። ጠላሁት። ተነስቶ ቢሰጠው ምን ነበረበት?

ረቡዕ፣ ጥር 30

እኔስ? ቀና ብዬ ባየው ምን ነበረብኝ? ‹ደህና ነው› ሲለኝ የተላጠ ጣቱን እያየሁ ለምን አመንኩት? ደስ ስላለኝ ነው ያመንኩት። ልጄ በገዛሁለት ነገር ይሠራል ብዬ ለጎረቤት አውርቻለሁ።

ያታኒ አንድ ቅጣት ካለው እኔም አንድ አለኝ። ወይስ የኔ ይበልጣል? እየተመላለስኩ አስባለሁ። እግሬ ደክሞት እኔ አልደከመኝም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 3

ከቦሪ የመጣች ሴት ጃቢር ፊት ቆማ ቀዩን መፍቻ አገላበጠች። ልጇ ሥራ ጀምሯል። አውቀዋለሁ ያንን አያያዝ፣ በሁለት እጅ፣ እንደ እንቁላል።

ተነስቼ ሄድኩ። «እህቴ፣ አፉን ያዢውና ነቅነቅ አድርጊው» አልኳት።

ነቀነቀችው። ቅጭል ቅጭል አለ።

«ተዪው።»

አስቀመጠችው። ጃቢር እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ «እትዬ አበበች፣ ገበያዬን ዘጋሽው እኮ» አለ። አልተቆጣም። ከሰዓት በኋላ ቀዮቹን ሁሉ ሰብስቦ ከጀርባው ካርቶን ውስጥ ከተተ።

ሰኞ፣ የካቲት 5

ጃቢር ቀዮቹን መልሶ ዘርግቷቸዋል። ዓይኔን ሲያይ፣ «ልጆች አሉኝ» አለ።

ሌላ ነገር እያቃጠለኝ ነው። ያታኒን ሳባርረው አንድ ነገር ሳልጠይቀው ቀረሁ። እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሌላ ማንን ልጠይቅ?

ሐሙስ፣ የካቲት 8

ሄድኩ። ከዛፉ ሥር ሌሎቹ ባለሞተሮች ሲያዩኝ ራቅ አሉ።

«ስትቀልድበት ምን አለ?» አልኩት።

«ምንም አላለም ማማ።»

«ፊቱስ?»

«ሳቀ» አለ። «ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ነው የሳቀው። እየሳቀ ነው መፍቻውን የሳበው።»

ያታኒ አሳቀው። አሁንም አልቀለለኝም። ግን እስካሁን በሐሳቤ ሲወድቅ ፈርቶ ነበር የማየው፤ አፉን ከፍቶ ሲጮህ። እንዲያ አልነበረም ማለት ነው።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እሱም ተቀመጠ። ከብት የጫነ መኪና አለፈ፤ አቧራው እስኪወርድ ሁለታችንም ዓይናችንን ጨፍነን ነበር።

«የሀዋኦን ሥራ ጨርሰው» አልኩት።

«አልወጣም ማማ። እግሬ ይንቀጠቀጣል።»

«ገመድ ታስራለህ።»

«ከታች ማን ይይዝልኛል? ማንም ፉንዲ አይመጣም።»

«እኔ እይዛለሁ።»

አየኝ። የቀለድኩ መስሎት ነበር። ከባለሞተሮቹ አንዱ ሰምቶ ኖሮ፣ «ማማ ፉንዲ፣ የኔም ቤት ቧንቧ ያፈሳል» አለ። «ተራህን ጠብቅ» አልኩት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 10

የያታኒ አሮጌ መፍቻ አለ። ሁለተኛ ያስፈልገናል። ጂሎ ቤት ሄድኩ። የጂሎ መፍቻ ከሱ ጋር ያረጀ ነው፤ ከባድ፣ ጥቁር፣ እጀታው በመዳፉ ተልጎ የሚያብረቀርቅ። ለማንም አይሰጥም።

«ለሚስቴ ወንድም እንኳን አላዋስኩም» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ማን ነው የሚይዘው?»

«እኔ።»

ገብቶ አወጣው። በጨርቅ ጠቀለለው። ከመስጠቱ በፊት አያያዙን አሳየኝ፤ የማይንቀሳቀሰው መንጋጋ የቱ እንደሆነ፣ ኃይሉ በየት በኩል መምጣት እንዳለበት። «ክንድሽን አታምኚ። ክብደትሽን ጣይበት» አለኝ። ስወጣ ደግሞ ከኋላዬ፣ «ሐሙስ ዕለት ያን ያህል መናገር አልነበረብኝም» አለ። የትኛውን ሐሙስ እንደሆነ አውቄዋለሁ።

«በደህና ነው የተናገርከው» አልኩት።

ሰኞ፣ የካቲት 12

ጨረስነው።

በጠዋት ሄድን። መቆሚያውን ከኅዳር ወዲህ አላየሁትም ነበር። የሰው ቁመት ሁለት ተኩል ቢሆን ነው። ይሄ ነው? ይህን ያህል ብቻ? በሕልሜ ከመስጊዱ ሚናሬት ይበልጥ ነበር።

ያታኒ ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ከብረቱ ጋር አያያዘው። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ቆመ። ቆየ። ሀዋኦ ከቤት ወጥታ መልሳ ገባች። እኔ ቱቦው ሥር ተንበርክኬ መፍቻውን ጂሎ እንዳሳየኝ አጠበቅኩ።

«ማማ።»

«ወይ።»

«አልወጣ አለኝ።»

«አትቸኩል። ውኃው ሦስት ወር ጠብቋል።»

ወጣ። ከላይ የብረት ድምፅ ሰማሁ፣ አቧራና ዝገት ፊቴ ላይ ረገፈ። ቱቦው መዞር ሲፈልግ በእጄ ተሰማኝ፤ ልክ ገመዱን እንደሚጎትት ወይፈን ነው። ክብደቴን ጣልኩበት።

«ያዝሽ?»

«ይዣለሁ።»

«ልስበው ነው። ያዝሽ?»

«ይዣለሁ አልኩህ እኮ፤ ሳበው።»

ሳበው። ያዘ። ደግሞ ሳበው። አንዴ መፍቻው ትንሽ ጮኸ። ቀና ብዬ አየሁ። ቆሟል። እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ቆሟል። እስኪጨርስ ዓይኔን ከሱ አልነቀልኩም፤ ዝገቱ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

ሲወርድ መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ዝም በል አላልኩትም። ሀዋኦ ያጠራቀመችውን ሦስት ጄሪካን አስወጥታ ታንኩ ውስጥ አስገለበጠች። መጋጠሚያውን በደረቅ ጨርቅ ጠረግነው፣ ጠበቅን፣ እንደገና ጨርቁን ነካነው። ደረቅ ነው። ከአልጋዋ ሆና አሮጊቷ ምን ሆነ ብላ ትጣራለች። «አያፈስም» አለቻት ሀዋኦ። «አያፈስም አደዬ።»

ማክሰኞ፣ የካቲት 13

የቀኝ እጄ አብጧል፤ ለዚህ ነው ፊደሉ የተንሻፈፈው። ክንዴ ኮቱን ማንሳት እንኳ እምቢ ብሎኝ ገበያ ውስጥ ግማሹን ልብስ ሳልሰቅል ዋልኩ። የተቀመጥኩትም ቀኑን ሙሉ ነው። አንዴ ሻይ ልጠጣ ተነሳሁ እንጂ።

ጃቢር ቀዮቹን ሲሸጥ ሁለት ጊዜ አየሁት። ሁለቱንም ገዢዎች ነቅንቁት አልኳቸው። አንዱ ተወው፣ አንዱ ገዛው።

ያታኒ ሲመሽ አካባቢ በሞተሩ መጣ። ካልቶማ የምትባል ሴት ጠርታዋለች፤ ኦቦ መንገድ ላይ አዲስ ቤት ሠርታ ታንኩ ከማዶ፣ ቱቦው ከናይሮቢ ነው። «ሰው እስካገኝ ትታገሥ ይሆን?» አለኝ። ሲጠይቀኝ እጄን እያየ ነበር።

ሐሙስ አብረን እንሂድ አልኩት። እስከዚያ እብጠቱ ይወርዳል።